የብረት ቀጥቃጩ ልጅ ማይክል ፋራዴይ

«እንግዲህ ፊደሉን ለየን። ስማችንን መጻፍ ቻልን። ደብዳቤ የሚያነብልን ሰው ፍለጋ መዞር ቀረልን። ታዲያ ከዚህ ወዲያ ማንበብ ምን ይፈይድልናል? ትልቁ ዕውቀትማ የትልልቅ ሰዎች ነው» የሚሉ አሉ። ይህን ጥያቄ በየመማሪያ ጣቢያው ሰምተነዋል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ግን በምክር ብቻ ልንሰጥ አንፈልግም። የአንድ ሰው ታሪክ ይመልስልን።

ሰውየው ማይክል ፋራዴይ ይባላል። አገሩ እንግሊዝ ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። እሱ ራሱ በልጅነቱ ጋዜጣ አዳይ፣ ቀጥሎም መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። የከፍተኛ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ዛሬ ግን በኤሌክትሪክ ወፍጮ የሚያዞረው ሞተርም፣ ለከተማ መብራት የሚሰጠው ጄኔሬተርም መሠረታቸው የሱ ሥራ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በዚህ ንባብ ደረጃ በደረጃ እናየዋለን።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እናስታውቅ። በዚህ ንባብ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የአውሮጳ አቆጣጠር ከኛው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይበልጣል።

1. ትውልዱና ልጅነቱ

ማይክል ፋራዴይ የተወለደው በ1791 በመስከረም ወር ነው። የተወለደበት ሠፈር ኒውኢንግተን ይባላል። ያን ጊዜ ከለንደን ከተማ አጠገብ ነበር፤ ዛሬ የከተማው አካል ሆኗል። አባቱ ጄምስ ከሰሜን እንግሊዝ ገጠር ሥራ ፍለጋ ወደ ለንደን የመጣ ቀጥቃጭ ነው። እናቱ ማርጋሬት ከማግባቷ በፊት በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። አራት ልጆች ወለዱ፤ ማይክል ሦስተኛው ነው።

አባትየው በሽተኛ ነበር። መዶሻ ይዞ ሙሉ ቀን መዋል አይችልም። ቀጥቃጭ ካልቀጠቀጠ ደግሞ ቤቱ አይበላም። በ1801 በእንግሊዝ አገር እህል በጣም ተወደደ። ማይክል ያን ጊዜ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ለሳምንት የሚደርሰው ምግብ አንድ ዳቦ ነበር። ያችኑ ቆራርሶ፣ ቆጥቦ ሳምንቱን ይገፋል። ረኃብ ምን እንደ ሆነ ከሰው የሰማው አይደለም።

በአገራችን ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን መናቅ የቆየ ክፉ ልማድ ነው። ማረሻውንና ማጭዱን የሠራልንን ሰው «ቡዳ» እያልን ከማዕዳችን ስናርቅ ኖረናል። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለው ስድብ ባይኖርም፣ የእጅ ሠራተኛ ልጅ ከጌቶች ልጅ ጋር እኩል አይታይም ነበር። ከፍተኛ ትምህርት የሚማረው ገንዘብ ያለው ነው። ማይክል ከትምህርት ቤት ያገኘው ማንበብ፣ መጻፍና ትንሽ ሒሳብ ብቻ ነው። ልብ በሉ! ዛሬ በእጃችሁ ከገባው ዕውቀት ብዙ የሚበልጥ አልነበረም።

2. ቀን ይጠርዛል፣ ማታ ያነባል

በ1804 ማይክል 13 ዓመት ሆነው። ጆርጅ ሪቦ በሚባል የመጽሐፍ ነጋዴና ጠራዥ ቤት በተላላኪነት ተቀጠረ። ያን ጊዜ ጋዜጣ ውድ ስለ ነበር ሁሉም ሰው አይገዛም። ባለሱቁ ያውሳል። ማይክል ጋዜጣውን በየቤቱ እየዞረ ያድላል፤ አንብበው ሲጨርሱ ደግሞ ዞሮ ይሰበስባል።

በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቤት የጥረዛ ሙያ ለመልመድ ለ7 ዓመት ውል ገባ። በአገሩ ደንብ ሙያ የሚለምድ ልጅ ለአሠሪው ገንዘብ መክፈል ነበረበት። ሪቦ ግን የልጁን ታማኝነት አይቶ ክፍያውን ማረው። ማይክል ወረቀት መስፋት፣ በሙጫ ማጣበቅ፣ በቆዳ መለበጥ ተማረ። እጁ ሥራ ለመደ። ይህ የእጅ ልምድ በኋላ በጣም ጠቅሞታል።

ቀን የጠረዘውን መጽሐፍ ማታ ያነበዋል። ሁለት ጽሑፎች ሕይወቱን ለወጡት። አንደኛው በአንድ ትልቅ የዕውቀት መዝገብ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈ ክፍል ነው። ሁለተኛው ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ስለ ኬሚስትሪ የጻፈችው መጽሐፍ ነው። ጄን ማርሴት የጻፈችው ሳይንስ ላልተማሩ ሰዎች፣ በጥያቄና መልስ፣ በቀላል አነጋገር ነበር።

ታዲያ ማይክል ያነበበውን ሁሉ ዝም ብሎ አላመነም። «እውነት ይህ ነገር እንዲህ ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ከሚያገኛት ጥቂት ሳንቲም ቆጥቦ ዕቃ ይገዛል። ከጠርሙስና ከቁርጥራጭ ዕቃ የራሱን መሣሪያ ይሠራል፤ ይሞክራል። መጽሐፉ ያለው ሲሆንለት ያምናል። ማንበብና መሞከር ለሱ አንድ ሥራ ነበሩ።

በ1810 በለንደን ከተማ የማታ የሳይንስ ትምህርት እንደሚሰጥ ሰማ። የአንዱ ማታ መግቢያ አንድ ሽልንግ ነው። ማይክል ገንዘቡ የለውም። ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ከፈለለት። ሮበርት እንደ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ያች ሽልንግ ከመዶሻ ላብ የወጣች ናት። በዚያው ዓመት አባታቸው ሞተ።

3. በእጁ የሠራው መጽሐፍ

ለንደን ውስጥ ሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚባል የሳይንስ ተቋም አለ። ያን ጊዜ እዚያ የሚያስተምረው ሃምፍሪ ዴቪ የተባለ ስመ ጥር የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ትምህርቱን የሚሰሙት ባብዛኛው ሀብታሞች ናቸው። በ1812 አንድ የመጽሐፍ ቤቱ ደንበኛ ለማይክል የመግቢያ ወረቀት ሰጠው። ማይክል አራት ጊዜ ገብቶ ተማረ።

ሌሎቹ ሰምተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማይክል ግን የሰማውን ሁሉ ጻፈ። ሥዕሉንም ሳለ። ከዚያም ቤቱ ገብቶ በጥሩ ጽሕፈት ገለበጠው፤ 300 ገጽ ያህል ሆነ። በለመደው ሙያ ጠረዘው። በዓመቱ መጨረሻ ላይ መጽሐፉን ለዴቪ ላከና ሥራ ጠየቀ። ማን ነህ ቢሉት የሚያሳየው የምስክር ወረቀት የለውም። ምስክሩ ያ መጽሐፍ ነበር።

ዴቪ በሥራው ተደሰተ። ነገር ግን መጀመሪያ «ጥረዛህን ይዘህ ብትቆይ ይሻልሃል» የሚል ምክር ነው የሰጠው። ጥቂት ወራት ቆይቶ በተቋሙ አንድ ረዳት ተባረረና ቦታው ተለቀቀ። ዴቪ ጠራዡን አስታወሰ። በ1813 በመጋቢት ወር ማይክል በረዳትነት ተቀጠረ። ዕድሜው 21 ነበር። ደመወዙ በሳምንት 25 ሽልንግ፣ መኖሪያው ከፎቁ ጣራ ሥር ሁለት ክፍል ሆነ። ጠርሙስ ማጠብ፣ እሳት ማንደድ፣ ዕቃ ማዘጋጀት ሥራው ነው። እያጠበ አየ፤ እያየ ተማረ።

በዚያው ዓመት ዴቪ ከሚስቱ ጋር ወደ ፈረንሳይና ወደ ጣሊያን ለጉዞ ተነሣ። ማይክልም አብሮ ሄደ። የዴቪ አሽከር ግን አልሄድም ብሎ ቀረ። ስለዚህ ማይክል የሳይንስ ረዳትም አሽከርም ሆነ። እመቤቲቱ ከነሱ ጋር እኩል ማዕድ እንዳይቀርብ ፈለገች። ልብስ እንዲያዘጋጅ፣ ዕቃ እንዲሸከም ታዘዋለች። ማይክል አዝኖ ጥሎ ለመመለስ አስቦ ነበር። ነገር ግን በጉዞው ላይ እነ ቮልታንና እነ አምፔርን የመሳሰሉ የዘመኑን ሊቃውንት አገኘ። ንቀቱን ቻለና ዕውቀቱን ይዞ በ1815 ተመለሰ።

4. አሥር ዓመት የቆየ ጥያቄ

አሁን ወደ ዋናው ሥራው እንግባ። ጥቂት ነገር አስቀድመን ማወቅ አለብን።

በእጅ ባትሪ ውስጥ የምናደርገውን የባትሪ ድንጋይ ሁላችንም እናውቃለን። የመጀመሪያውን ባትሪ ለዓለም ያስታወቀው ቮልታ የተባለው የጣሊያን ሰው ነው፤ ዘመኑም 1800 ነው። ባትሪ የኤሌክትሪክ ኃይል ይሰጣል። ኃይሉ በሽቦ ውስጥ እንደ ውሃ በቦይ ይፈሳል። ግን ባትሪ ውድ ነው፤ ቶሎም ያልቃል። በባትሪ ድንጋይ አገር አይበራም፤ ወፍጮ አይዞርም።

ማግኔት ደግሞ ብረት የሚስብ ነገር ነው። ኮምፓስ የምንለው አቅጣጫ ጠቋሚ በውስጡ ማግኔት የሆነች ቀጭን መርፌ አለችው። መርፌዋ እንደ ልቧ ስትዞር አንዱ ጫፏ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ያያል።

በ1820 ኧርስቴድ የተባለ የዴንማርክ ሰው አንድ አስደናቂ ነገር አየ። ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ ወደ ኮምፓስ ሲቀርብ መርፌዋ ዞረች። እንግዲህ ኤሌክትሪክና ማግኔት ዝምድና አላቸው ማለት ነው።

ፋራዴይ ይህን ሰምቶ ሥራ ጀመረ። በ1821 በመስከረም ወር በአንድ ዕቃ ውስጥ ባዜቃ ሞላ፤ መካከሉ ላይ ማግኔት አቆመ። ከላይ የተንጠለጠለች ሽቦ ጫፏ ባዜቃውን እንዲነካ አደረገ። ኤሌክትሪክ ሲለቅባት ሽቦዋ ማግኔቱን ትዞረው ጀመር! ኤሌክትሪክ ሳያቋርጥ የሚያዞረው ነገር ሲገኝ ያ የመጀመሪያው ነው። የዛሬው የኤሌክትሪክ ሞተር ሁሉ የሱ ዘር ነው።

ቀጥሎ ፋራዴይ ጥያቄውን ገለበጠው። ኤሌክትሪክ ማግኔትን መሥራት ከቻለ፣ ማግኔትስ ኤሌክትሪክን ሊሠራ አይችልም? ይህን ሐሳብ በ1822 በማስታወሻው ላይ ጻፈው። መልሱን ያገኘው ግን በ1831 ነው።

በዚህ መካከል ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም። በ1825 ቤንዚን የተባለውን የኬሚስትሪ ውሕድ አገኘ። ይህ ለመኪና ከምንቀዳው ነዳጅ ጋር በስም ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም። በዚያው ዓመት የተቋሙ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ሆነ። ጥያቄውንም አልተወም። በ1825 ሞከረ፤ አልሆነም። በ1828 ሞከረ፤ አልሆነም። ያልሆነውንም በዝርዝር ጻፈው። ለምን ቢባል፣ የወደቀውን ሙከራ የጻፈ ሰው ያንኑ ስሕተት ሁለት ጊዜ አይሠራም። ፋራዴይ መርሳት ያስቸግረው ነበር። ወረቀት ግን አይረሳም። ከ1832 ጀምሮ የሙከራ መዝገቡን አንቀጽ በአንቀጽ ቁጥር እየሰጠ ጻፈ። ቁጥሩ ከ16 ሺህ በላይ ደርሷል።

5. መርፌዋ የዘለለችበት ቀን

በ1831 በነሐሴ ወር መጨረሻ ፋራዴይ አንድ የብረት ቀለበት አሠራ። ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ስንዝር አይሞላም። በቀለበቱ አንድ ጎን የመዳብ ሽቦ ደጋግሞ ጠመጠመ። በሌላው ጎን ሌላ ሽቦ ጠመጠመ። ሽቦው ከብረቱና እርስ በርሱ እንዳይነካካ በመካከሉ ሲባጎና ጨርቅ አደረገ።

አንዱን ሽቦ ከባትሪ ጋር ሊያገናኝ አዘጋጀ። ሁለተኛውን ሽቦ ጫፍና ጫፉን ገጥሞ በኮምፓስ መርፌ ላይ አሳለፈው። ሁለቱ ሽቦዎች አይነካኩም። በመካከላቸው ያለው ብረቱ ብቻ ነው።

ባትሪውን አገናኘ። መርፌዋ ዘለል አለች! ተወዛውዛም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ባትሪው እንደ ተገናኘ ቢቆይም መርፌዋ ጸጥ አለች። ባትሪውን አላቀቀ። መርፌዋ እንደገና ዘለል አለች፤ አሁን ግን ወደ ሌላው ጎን።

ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ሰዎች ለዓመታት ሲጠብቁ የኖሩት፣ ማግኔት አጠገቡ እስካለ ድረስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲፈስ ለማየት ነበር። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ግን ማግኔቱ ሲመጣና ሲሄድ፣ ማለት ሲለዋወጥ ብቻ ነው። ዓይን ለቅጽበት ዞር ካለ ያልፋል።

በጥቅምት ወር ሌላ ሙከራ አደረገ። በወረቀት ቱቦ ላይ ብዙ ሽቦ ጠመጠመ። አንድ ዘንግ ማግኔት ይዞ ወደ ቱቦው ውስጥ ድንገት ሰደደው። መርፌዋ ዞረች። ማግኔቱን ውስጡ ዝም ብሎ ተወው። መርፌዋ ዝም አለች። ማግኔቱን ድንገት መዞ አወጣው። መርፌዋ ወደ ሌላው ጎን ዞረች። አሁን ባትሪ የለም። ኤሌክትሪኩን የሠራው የእጁ እንቅስቃሴ ነው።

ወተት በቅል ተቀምጦ ቢውል ቅቤ አይወጣውም፤ መናጥ ያስፈልጋል። ይህ ምሳሌ ነው እንጂ ነገሩ አንድ ነው ማለታችን አይደለም። ማግኔትና ሽቦም ዝም ብለው ቢቀመጡ ምንም አይሰጡም። አንደኛው መንቀሳቀስ አለበት።

በዚያው በጥቅምት ወር መጨረሻ ገደማ ፋራዴይ አንድ የመዳብ ሳሕን በትልቅ ማግኔት ሁለት ጫፎች መካከል አስገብቶ በእጅ አዞረው። ከሳሕኑ ጠርዝና ከመሐሉ ሽቦ አስነካ። ሳሕኑ እስከ ዞረ ድረስ ኤሌክትሪኩ ሳያቋርጥ ፈሰሰ። ይህ የመጀመሪያው ጄኔሬተር ነው።

በዚያ ዘመን ጆዜፍ ሄንሪ የተባለ የአሜሪካ ሰውም ይህንኑ ነገር ለብቻው ደርሶበት ነበር። ፋራዴይ ግን ቀድሞ ለዓለም ስላሳወቀ ግኝቱ በሱ ስም ይጠራል።

6. ከዚያች ሳሕን እስከ ዛሬው መብራት

ፋራዴይ መንገዱን አሳየ። ሌሎች ቀጠሉበት። በ1832 ፒክሲ የተባለ የፓሪስ መሣሪያ ሠሪ በእጅ የሚዞር ጄኔሬተር ሠራ። ከዚያ ብዙ ሠራተኞችና መሐንዲሶች እያሻሻሉት ሄዱ። በ1882 የኤዲሰን ድርጅት በኒው ዮርክ ከተማ ለቤቶች መብራት የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ከፈተ።

የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው የኤሌክትሪክ ግድብን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም። በወፍጮው ውሃው መዘውሩን ይመታል፤ መዘውሩ ድንጋዩን ያዞራል፤ ድንጋዩ እህሉን ይፈጫል። በግድቡ ደግሞ ውሃው መዘውሩን ይመታል፤ መዘውሩ ማግኔቱን በሽቦ ጥቅል መካከል ያዞራል፤ ሽቦው ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በአገራችንም በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ፣ በ1964 የጀመረው የጢስ ዓባይ ጣቢያ፣ በ2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። ውሃው የኛ ነው። ሕጉ ግን ያ የጠራዥ ቤት ልጅ በወረቀት ቱቦና በማግኔት የደረሰበት ነው።

7. ዕውቀቱን ለሰው ጥቅም ማዋሉ

በ1844 በሰሜን እንግሊዝ ሃስዌል በሚባል ቦታ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ፈንድቶ 95 ወንዶችና ልጆች ሞቱ። መንግሥት ፋራዴይንና ላይል የተባለውን የመሬት ሊቅ ለምርመራ ላከ። እነሱም ጉድጓድ ድረስ ወርደው መረመሩ። እሳቱን ያባባሰው ጋዙ ብቻ አይደለም፣ በየቦታው የተከማቸው የከሰል አቧራም ነው አሉ። ትክክል ነበሩ። ነገር ግን የአቧራው ነገር ለብዙ ዓመታት ችላ ተባለ። ላብ አደሩም መሞቱን ቀጠለ። ዕውቀት ቢገኝም በሥራ ካልዋለ ሕይወት አያድንም።

የለንደን ከተማ ወንዝ ቴምዝ ይባላል። የከተማው ዓይነ ምድርና ቆሻሻ ሁሉ የሚገባው እዚያ ነበር። በ1855 በሐምሌ ወር ፋራዴይ በጀልባ ሲሄድ የውሃውን መክፋት አየ። ዝም ብሎ አላለፈም። ነጭ ወረቀት ቀዳዶ፣ በውሃ አርሶ፣ በየጀልባ ማቆሚያው እየጣለ ተመለከተ። ወረቀቱ አንድ ጣት ያህል እንኳ ሳይሰምጥ ከዓይን ይጠፋል። ውሃው ያን ያህል ደፍርሷል ማለት ነው። ይህን ጽፎ ለጋዜጣ ላከ። በ1858 ግማቱ የፓርላማውን ሰዎች ጭምር ሲያስጨንቅ ጊዜ ትልልቅ የቆሻሻ ማስወገጃ ቦዮች እንዲሠሩ ተወሰነ። እዩ እንግዲህ! ለዚያ ሙከራ ያስፈለገው ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነበር።

ፋራዴይ ማስተማርም ይወድ ነበር። ዓርብ ማታ ለአዋቂዎች፣ በገና ሰሞን ለልጆች ትምህርት ይሰጥ ነበር። በአንደኛው ገና ስድስት ትምህርት ያስተማረው ስለ አንዲት ሻማ ነው። ሻማው ሲነድ ለምን ከላይ ይቀልጣል? ጥቁሩ ጥላሸት ከየት ይመጣል? ቀዝቃዛ ዕቃ ከነበልባሉ በላይ ቢያዝ ጠል የሚይዘው ለምንድን ነው? እያሳየ አስረዳቸው። በየቤታችን ያለ ነገር ሁሉ ለጠየቀው ሰው ትምህርት ቤት ነው።

8. የጎደለው ነገር

ስለ ጥሩ ሰው ስንናገር የጎደለውንም መናገር አለብን። ፋራዴይ በልጅነቱ ሒሳብ በሚገባ አልተማረም። ኑሮው አልፈቀደለትም። ይህ እስከ መጨረሻው ጎድቶታል።

በማግኔት ዙሪያ የብረት ብናኝ ሲነሰንስ ብናኙ በመስመር በመስመር ሲሰለፍ አየ። የማግኔት ኃይል በዙሪያው ባለው ስፍራ ሁሉ ተዘርግቷል ብሎ አሰበ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። በሒሳብ ሊያስረዳ ግን ስላልቻለ ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ሐሳቡን ወደ ሒሳብ የለወጠው ማክስዌል የተባለ የስኮትላንድ ወጣት ነው። ከማክስዌል ሥራ በመነሣት በ1887 እና በ1888 ሄርትዝ የተባለ የጀርመን ሰው በአየር የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ሞገድ በሙከራ አሳየ። ሬዲዮ የተወለደው ከዚያ ነው። ምሽት ላይ ሬዲዮ ስትከፍቱ የነዚህ ሁሉ ሰዎች ድካም እየሰማችሁ ነው።

እንግዲህ «ፋራዴይ ያለ ሒሳብ ይህን ከሠራ እኛም ሒሳቡን እንተው» የሚል እንዳይኖር። እሱ ሒሳቡን ያልተማረው ጠልቶ ሳይሆን አጥቶ ነው። ዕድሉ ያለን ልንማረው ይገባል።

9. አሟሟቱ

ፋራዴይ ባለዝና ሲሆን ሹመትና ማዕረግ ቀረበለት። «ሰር» የሚለውን የመኳንንት ማዕረግ አልፈልግም አለ። የአገሩ ትልቁ የሳይንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሁን ሲሉትም እንቢ አለ። በ1821 ሣራ ባርናርድን አግብቶ ነበር፤ ልጅ አልወለዱም። በ1867 በነሐሴ ወር በ75 ዓመቱ ሞተ። መቃብሩ በለንደን ነው።

10. ከዚህ ምን እንማራለን?

ፋራዴይ ሦስት ነገር ይዞ ነበር። አነበበ፤ ሞከረ፤ ጻፈ። አንዱ ቢጎድል ሥራው አይሠምርም ነበር። ያነበበ ሰው ካልሞከረ የሰው ቃል ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል። የሞከረ ሰው ካልጻፈ ያገኘው ከሱ ጋር ይጠፋል።

አርሶ አደር ሁልጊዜ ይሞክራል። የትኛው ዘር በየትኛው መሬት እንደሚሻል፣ ዝናቡ ሲዘገይ ምን እንደሚዘራ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲሞክር ኖሯል። የጎደለው መጻፉ ነበር። አባት ሲሞት ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል። ልጅ እንደገና ከሀ ይጀምራል። አሁን ግን ደብተርና እርሳስ በእጃችሁ ገብቷል። ዘንድሮ የዘራችሁትን፣ ቀኑን፣ የዘሩን ዓይነት፣ የሰጠውን ምርት ጻፉ። ያልሆነላችሁንም ጻፉ። የዛሬ አምስት ዓመት ያ ደብተር በጎተራ ካለው እህል አያንስም።

በመጀመሪያ «ትልቁ ዕውቀት የትልልቅ ሰዎች ነው» የሚል ነገር አንሥተን ነበር። የቀጥቃጩ ልጅ መልሱን ሰጥቷል። ዕውቀት የሚጠይቀው የማን ልጅ ነህ ብሎ አይደለም። ሠራህ ወይ ብሎ ነው።

የቃላት ፍች

ሙከራ፦ አንድ ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን ሠርቶ ማየት።
ጥረዛ፦ የመጽሐፍ ወረቀቶችን ሰፍቶና ለብጦ ማያያዝ።
ባዜቃ፦ እንደ ውሃ የሚፈስ፣ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ መርዛም ማዕድን።
ሞተር፦ ኃይል ተሰጥቶት ሌላ ነገር የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ።
ጄኔሬተር፦ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ።
መዘውር፦ በውሃ ወይም በሌላ ኃይል የሚዞር መንኰራኵር።

ጥያቄዎች

1. የማይክል ፋራዴይ አባት ሥራ ምን ነበር?
2. ፋራዴይ በዴቪ ዘንድ ሥራ ሲጠይቅ በምስክር ወረቀት ፋንታ ምን አቀረበ?
3. ማግኔቱ በቱቦው ውስጥ ዝም ብሎ ሲቀመጥ መርፌዋ ምን ሆነች? ሲገባና ሲወጣስ?
4. የውሃ ወፍጮና የኤሌክትሪክ ግድብ በምን ይመሳሰላሉ? በምን ይለያያሉ?
5. ፋራዴይ ያልተሳካለትን ሙከራ ለምን ይጽፍ ነበር?

ለውይይት

በቀበሌያችሁ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ እንዴት ይታያሉ? ያለነሱ ሥራ እርሻችንና ቤታችን ምን ይሆን ነበር? ተወያዩ። የተስማማችሁበትን አንድ ሰው ጽፎ ያንብብ።

ለሥራ

ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት ይገኛል። ከቀጥቃጩ ዘንድ በሞረድ የወጣ የብረት ብናኝ አምጡ። ማግኔቱን ከወረቀት በታች አድርጉ። ብናኙን ከላይ ቀስ አድርጋችሁ ነስንሱና ወረቀቱን በጣት መታ መታ አድርጉት። ምን ዓይነት መስመር ታያላችሁ? በደብተራችሁ ሳሉት። ለዚህ ሙከራ መብራት አያስፈልግም። የመብራት ኃይል ሽቦ ስለሚገድል ፈጽሞ አትንኩ፤ ልጆችም እንዳይነኩ ጠብቁ።